ተጭኗል፤ ግን ከየት ይገባል?

መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሚያሠራው ለምርቃት ነው። አዳራሽ ይዘጋጃል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ፕሮጀክተሩ እምቢ ብሎ እምቢ ብሎ በመጨረሻ እሺ ይላል፤ ኃላፊው ማውሱን አንድ ጊዜ ጠቅ ያደርጋሉ፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ወደ ሻይ ቡና። ከዚያ ቀን ወዲህ በመነሻ ገጹ ገብቶ፣ እንደ ተራ ባለጉዳይ ከሜኑ ወደ ሜኑ ተንከራትቶ፣ የሚፈልገውን ቅጽ በራሱ ያገኘ ሰው ካለ ለሚቀጥለው ምርቃት የክብር እንግዳ ሆኖ ሊጠራ ይገባዋል።

መነሻ ገጹ ላይ ምን አለ? ፎቶ አለ። ችግኝ ይተከላል፤ ይንሸራተታል። ሪባን ይቆረጣል፤ ይንሸራተታል። ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የታሸገ ውኃ የደረደሩ ሰዎች በጥሞና ይነጋገራሉ፤ እነሱም ይንሸራተታሉ። ከሥር ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች። በቀኝ በኩል የኃላፊው መልእክት። አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ ልጇን ልካ የምትፈልጋት ማመልከቻ ግን የለችም። የለችም ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። አለች። ተጭናለች።

እዚህ ላይ የነገሩ ምሥጢር አለ። የሩብ ዓመት ግምገማ ላይ እንዲህ ይባላል፦

«የአገልግሎት መስፈርቱ ድረ ገጹ ላይ ተጭኗል?»

«ተጭኗል።»

«ቅጾቹስ?»

«እነሱም ተጭነዋል።»

ክንውኑ 100 ፐርሰንት ሆኖ ይመዘገባል። ማንም አልዋሸም። ቅጹ በእርግጥ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል፤ አድራሻውን አንድም ፊደል ሳያጓድል ለጻፈ ሰው ይከፈታል። «ሰው ከየት ተነሥቶ እዚያ ይደርሳል?» የሚል ረድፍ ግን የሪፖርት ፎርማቱ ላይ የለም፤ ረድፍ የሌለው ጥያቄ ደግሞ በእኛ አገር አይጠየቅም። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ወላጅ አልባ ገጽ ይሉታል፤ ከራሱ ድረ ገጽ ውስጥ ወደ እሱ የሚያመራ አንድም ሊንክ የሌለው ማለታቸው ነው።

ጉዳዩ ከዲምቱ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ዲምቱ በወላይታ ዞን፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ፣ ከሶዶ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የደቡብ ክልል ሳይከፈል ክልል ማለት ሐዋሳ ነበር፤ በዚያው መንገድ ወደፊት መሄድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወላይታ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆነ፤ የክልሉ መቀመጫዎችም ስድስት ሆኑ፦ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሳውላ፣ ጂንካ፣ ካራት። ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ናት፤ ቢሮዎቹ ግን በከተሞቹ ተከፋፍለዋል። ለከተሞቹ ፍትሐዊ ነው፤ በዚያ ላይ ቅር የሚለኝ የለም። የዲምቱ ባለጉዳይ ግን ጉዳዩ የት እንደሚያልቅ ሳይጠይቅ መኪና ቢሳፈር፣ ተሳስቶ ጂንካ የመድረስ መብቱ የተጠበቀ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ክልል የትኛው ቢሮ የት ከተማ፣ የት ሰፈር፣ በየትኛው ስልክ እንደሚገኝ የምትናገር አንዲት ተራ ገጽ ከተንሸራታች ፎቶዎች ሁሉ በፊት መታየት ነበረባት።

የደቡብ ክልል ሲከፈል መኪናው፣ ወንበሩ፣ ጄኔሬተሩ ለክፍፍል ቀርቧል። ድረ ገጹን ማን ይውረስ ብሎ በክፍፍሉ ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣ ሰው መኖሩን ግን አልሰማሁም። አዲስ ቢሮ አዲስ አድራሻ ይከፍታል፤ አሮጌው ገጽ ከአሮጌው ሜኑ ይወጣል፤ አሮጌው አድራሻ ያለበት የደብዳቤ ወረቀት ግን ብዙ ታትሟልና እስኪያልቅ ይሠራበታል።

ታዲያ ዲምቱ ውስጥ ያለ መምህር ለዝውውር የሚሞላውን ቅጽ ቢፈልግ ምን ያደርጋል? ድረ ገጹን አይከፍትም። ስልክ ይደውላል። ሶዶ ላለው ለክፍል ጓደኛው፣ ጓደኛው ለአክስቱ ልጅ፣ የአክስቱ ልጅ ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ወዳጁ። ከዚያ በቴሌግራም አንድ ረጅም አድራሻ ይመጣል፤ መሐሉ ላይ የጥያቄ ምልክት፣ ጫፉ ላይ አሥር ቁጥር ያለው። መምህሩ ሳይነካው ለሥራ ባልደረቦቹ ፎርዋርድ ያደርገዋል። ሊንኩ እንዲህ ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ ዞኑን ያዳርሳል። ገጹ ያረፈበት ድረ ገጽ ብቻ ስለ ገጹ አልሰማም።

መምህሩ የሚያውቀው ሰው ከሌለውስ? ለዚህ ኮምፒዩተር ቤት አለ። በየወረዳው ከተማ፣ ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ትይዩ፣ «ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ኦንላይን ፎርም እንሞላለን» የሚል ሰሌዳ ያለበት ጠባብ ክፍል። እዚያ ውስጥ ያለው ወጣት ኮምፒዩተሩ አሮጌ ነው፤ ሀብቱ የቴሌግራም «የተቀመጡ መልእክቶች» ነው። የፓስፖርቱ፣ የንግድ ፈቃዱ፣ የፈተና ውጤቱ፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሊንክ ሁሉ በተራ በተራ ተሰድሯል፤ አጠገቡም ለራሱ እንዲያመች ማስታወሻ ጽፏል፦ «ይሄ በሞዚላ ብቻ»፣ «ይሄ ከማታ ሁለት ሰዓት በኋላ»። ሽማግሌው ወረቀታቸውን ይዘው ይገባሉ።

«ልጄ፣ ኢንተርኔት ላይ ነው ያለው አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ፣ አለ።»

«እኔ በስልኬ ባየው አይሆንም?»

«ይሆናል ጋሼ። ግን አያገኙትም።»

ያችን «ግን» ነው የሚሸጠው። አልፈርድበትም፤ ሥራውን የፈጠረለት እሱ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ መነሻ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ያቃተውን ዝርዝር እሱ ከነማብራሪያው አስቀምጦታል። እንዲያውም ቢሮ ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ራሳቸው ሊንኩ ሲጠፋባቸው ወደ እሱ ሰው እንደሚልኩ ብሰማ አልደነቅም።

ሊንክን ከሰው እጅ የመጠበቅ ልማድ ሌላም ጣጣ አለው። ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲለቀቅ ተማሪው በድረ ገጽ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ቦት እንዲያይ ይነገረዋል። ያ ሁሉ ልጅ ግን ትክክለኛውን ገጽ በሩ በኩል ገብቶ መፈለግ አልተማረም፤ የተማረው «ሊንኩን ላክልኝ» ማለት ነው። ማን ላከው፣ ከየት መጣ አይልም፤ ሰማያዊ ሆኖ ከተሰመረበት ይጫነዋል። የሐሰት ገጽ የሚሠራ አጭበርባሪ ከዚህ የተሻለ ሕዝብ የት ያገኛል? እውነተኛውም ሐሰተኛውም የሚመጣው በአንድ በር፣ በፎርዋርድ ነው።

«መፈለጊያ ሳጥን አለ እኮ!» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። አለ፤ በቀኝ በኩል፣ ከአጉሊ መነጽር ምልክት ጋር። እስቲ «የስራ ልምድ» ብለው ይጻፉበት። ገጹን የጫነው ሰው ሰዋስው አክባሪ ከሆነ «የሥራ ልምድ» ብሎታል፤ ሳጥኑ «ምንም አልተገኘም» ይላል። «ጽሕፈት ቤት» እና «ፅህፈት ቤት» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ፦ እነዚህን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተነገረው በቀር የአማርኛ መፈለጊያ ሳጥን ባለጉዳዩን የፊደል ገበታ ፈተና የሚፈትን መምህር ይሆናል። ሊንክ እንዲህ አይፈትንም፤ ተሰምሮበታል፣ ይጫኑታል፣ ይሄዳል።

በሽታው የእኛ ብቻ እንዳይመስል ትንሽ ወጣ ብለን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 የአልታ ቪስታ፣ የአይ ቢ ኤምና የኮምፓክ ተመራማሪዎች ወደ 200 ሚሊዮን የሚሆኑ ገጾችን ትስስር አጥንተው ነበር። አንዱን ገጽ በዘፈቀደ አንሥተህ ወደ ሌላ በዘፈቀደ የተመረጠ ገጽ በሊንክ ብቻ ልድረስ ብትል ከአራቱ ሦስቱን ጊዜ መንገድ የለም። ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጉት ደግሞ ከዋናው ስብስብ ጋር ጭራሽ አልተገናኙም። ስለ ዊኪፔዲያም እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ አንድ ጥናት በ319 ቋንቋዎች ካሉት መጣጥፎች 15 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 8.8 ሚሊዮን ገደማ፣ ከሌላ መጣጥፍ አንድም ሊንክ የማይመጣላቸው መሆናቸውን ቆጥሯል። ሊንክ ሲጨመርላቸው አንባቢያቸው እንደሚጨምርም አሳይቷል። ይህን ለማወቅ ጥናት ያስፈልግ ነበር ወይ አትበሉ፤ ለእኛ አለቆች ጥናት ያላረጋገጠው ነገር ወሬ ነው።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፍ ብቻ አለው። በዚህች ጠባብ ግቢ ውስጥ እንኳ የምንሠራው ቀልድ አለ። የትውልድ ቦታውን የሚወድ ወጣት ይነሣና ስለ ዲምቱ አንድ ገጽ ይጽፋል እንበል። ይበል ያሰኛል። ከዚያ ሊንክ ያስፈልጋል ሲባል የራሱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ያደርገዋል፦ ኢትዮጵያ፣ አፍሪካ፣ ዓለም፣ ገበያ፣ ውኃ፣ ሰው። ዲምቱ ከዓለም ጋር ተሳሰረች! ዓለም ግን አልሰማም። ሊንክ አንድ አቅጣጫ ነው፤ እኔ ሚኒስትሩን አውቃቸዋለሁ፣ እሳቸው ግን እኔን ስለማያውቁ ጉዳዬ እስካሁን አላለቀም። ወጣቱ ማድረግ የነበረበት ወላይታ የሚለውን ገጽ፣ ዱጉና ፋንጎ የሚለውን ገጽ፣ ብላቴ ወንዝ የሚለውን ገጽ ከፍቶ፣ ስለ ከተማዋ የሚወራበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ፣ እዚያ ላይ ዲምቱን ማሰር ነበር። ይሄ ግን የሌላ ሰው ጽሑፍ መክፈትና ማንበብ ይጠይቃል። እኛ ደግሞ ከማንበብ መጻፍ ይቀለናል።

የፍለጋ ሞተሩም የሚመራው በዚሁ፣ ወደ ገጹ በሚመጣው ሊንክ ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጎግልን ሲመሠርቱ የያዙት ሐሳብ የአንድ ገጽ ክብደት ማን ወደ እሱ እንደሚጠቁም በማየት ይታወቃል የሚል ነበር። የማሽኑ ተላላኪ በመነሻ ገጹ ይገባል፣ ያገኘውን ሊንክ ሁሉ ተከትሎ ይሄዳል፣ ሊንክ ያላየበት አይደርስም። በእርግጥ ሳይትማፕ የሚባል ነገር አለ፤ ጎግል እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው፣ የአድራሻዎችን ዝርዝር በአንድ ፋይል ለማሽን የማስረከቢያ መንገድ። ይህን የሰማ የእኛ ባለሙያ በደስታ ሳይትማፑን አዘጋጅቶ «አሁን ሁሉም ገጽ ተገኝቷል» ይላል። ለማሽኑ ተገኝቷል። ሽማግሌው ግን ሳይትማፕ አያነቡም። ማሽኑም ቢሆን ገጹን ያውቀዋል እንጂ ያከብረዋል ማለት አይደለም፤ የገዛ ቤቱ ያልጠቆመውን ገጽ ብዙ ጊዜ ከፊት አያስቀምጥም።

ወላጅ አልባዎቹን ማግኘት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሁለት ዝርዝር ይወጣል። አንደኛው ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው፦ ከድረ ገጹ ማስተዳደሪያ፣ ከዳታቤዙ፣ ሰዎች በትክክል የከፈቱትን ከሚመዘግበው የሰርቨር ሎግ። ሁለተኛው ከመነሻ ገጹ ተነሥቶ በሊንክ ብቻ የሚደረስበት ዝርዝር ነው። ይህንን የሚያወጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ ስክሪሚንግ ፍሮግ የሚባለው እስከ 500 አድራሻ በነጻ ይሠራል፤ ለአንድ ዞን መምሪያ 500 ከበቂ በላይ ነው። ሁለቱን ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ በፊተኛው ያለውን፣ በኋለኛው የሌለውን መለየት ነው። አለቀ።

አላለቀም እንጂ! ዝርዝሩ ወጣ ማለት ስብሰባ ተጠራ ማለት ነው። ግብረ ኃይል ይቋቋማል፤ ዐቢይና ንዑስ ኮሚቴ ይከፈላል። ንዑስ ኮሚቴው የሚያመጣው መፍትሔ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቀሩትን ሁሉ ከገጹ ግርጌ መደርደር። መነሻ ገጹ ታች መቶ ሰማያዊ መስመር ይንጠለጠላል፦ «ቅጽ 1»፣ «ቅጽ 1 አዲስ»፣ «ቅጽ 1 የመጨረሻ»፣ «ቅጽ 1 የመጨረሻ የተስተካከለ»። በቴክኒክ ቋንቋ ከእንግዲህ ወላጅ አልባ ገጽ የለም። ሁሉም ሊንክ አላቸው። ሪፖርቱም ይኸንኑ ይላል።

ሌላው ታታሪ ደግሞ በየዜናው ሥር «እዚህ ይጫኑ» ይጽፋል። ምን ለማግኘት? ይጫኑና ያዩታል። አንድ ገጽ ላይ አምስት «እዚህ ይጫኑ» ሲደረደር የትኛው ወደ መሬት ይዞታ፣ የትኛው ወደ ጊፋታ በዓል ፎቶ እንደሚወስድ የሚያውቀው የጫነው ሰው ብቻ ነው። ሊንኩ የሚሰመርበት ቃል ራሱ መንገር አለበት፤ «የይዞታ ማረጋገጫ ማመልከቻ ቅጽ» ብሎ ማስመር ከ«እዚህ ይጫኑ» አምስት ደቂቃ አይበልጥም።

ትክክለኛው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ለዚህ ነው ማንም የማይወደው። እያንዳንዱን የተረሳ ገጽ ከፍቶ፣ ይህን ማን ይፈልገዋል፣ ሲፈልገውስ የትኛው ገጽ ላይ ይሆናል ብሎ መጠየቅ ነው። ስለ ዝውውር መመሪያው የሚያነብ መምህር ቅጹን የሚፈልገው እዚያው መመሪያው መሐል፣ «ቅጹን ሞልቶ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ይታሰር። ሁለት ገጾች አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ ይዋሐዱ፤ የአሮጌውም አድራሻ ሰው ሲከፍተው ወደ አዲሱ እንዲያሻግር ይደረግ፤ በየቴሌግራሙ የተበተነው ሊንክ ሙት ሆኖ እንዳይቀር። ይህን ለማድረግ ግን የአይሲቲ ባለሙያው ብቻውን አይበቃም፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ከባለጉዳይ ጋር መስኮት ላይ የሚጨቃጨቅ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አለበት። ያ ሰው ደግሞ ወደ ስብሰባ አይጠራም፤ ስብሰባው የሚደረገው እሱ ባለጉዳይ በሚያስተናግድበት ሰዓት ነው።

ደግሞ ሁሉም ወላጅ አልባ አይታዘንለትም። መጥፋት ያለበት አለ። «ይህ የሙከራ ገጽ ነው» የሚል። ትርጉም የሌለው የላቲን ሙሌት ጽሑፍ እንደተጫነ የቀረ። ቀኑ ያለፈ ጨረታ። ከሁሉ የሚያስቀው የቀድሞው ኃላፊ መልእክት ነው። አዲስ ኃላፊ ሲሾሙ የእሳቸው ፎቶና መልእክት መነሻ ገጹ ላይ ይገባል፤ የቀድሞው ከሜኑ ይወጣል እንጂ ከሰርቨሩ አይወጣም። ጎግል ግን ዱሮ ሊንክ በነበረው ጊዜ አግኝቶት መዝግቦታል። እናም የመሥሪያ ቤቱን ስም የሚፈልግ ሰው፣ የሚፈልገው ቅጽ አይመጣለትም፤ ከሁለት ሹመት በፊት የተነሡት ሰው ግን ክራባታቸውን አስረው «እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በደህና መጡ» ይሉታል።

ይጥፋ ቢባል ማን ደፍሮ ያጥፋው? አይሲቲው ትእዛዝ በጽሑፍ ይሰጠኝ ይላል፤ ነገ ሰውየው ዞረው ሌላ ቦታ ቢሾሙስ? ኮሚዩኒኬሽኑ የእኔ ኃላፊነት ይዘት ነው፣ ማጥፋት ቴክኒክ ነው ይላል። በመጨረሻ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ግልባጭ ለሰባት ክፍሎች ይባልና ለግልጽነት ሲባል ስካን ተደርጎ በፒዲኤፍ ድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ማየት የሚፈልግ ካለ ሊንኩ መዝገብ ቤት ባለችው ልጅ ስልክ ላይ አለ፤ ከምሳ ስትመለስ ትልካለች።